ከወንበሩ ሥር ያለው ፌስታል

የመጨረሻው ደህና ቀናችን ወንድሜ ለውድድር ሲለማመድ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ከመርሳ ወልድያ ድረስ ሮጦ የጨረሰበት ነው። በነጋታው ቤታችን ላይ የወደቀ ከባድ መሣሪያ ገደለው።

ከወራት በኋላ ወደ መርሳ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ አንዲት እናት ሾፌሩን ሲጠይቁ ሰማሁ።

«ልጄ፣ እግሬ ሥር ያለው ፌስታል የማነው?»

«የሯጮች ነው፣ እማማ። ልብሳቸውን በኔ ልከው ከኋላ ይሮጡ ነበር።»

«ከመኪና ጋር? አብደዋል እንዴ!»

«አንዱማ ቀድሜህ እገባለሁ እያለ ይፎክርብኝ ነበር። ወልድያ የገቡ ዕለት በደስታ ሲጨፍር ሹራቡን ረሳው።»

«ታዲያ ጦርነቱ አለፈ አይደል? ለምን አልመጣም?»

«እንጃ፣ ጠፋ።»

«ኢንሻአላህ ይመጣል። እንዳትጥልበት።»

«አልጥልም፤ ሳይሮጥ ግን አልሰጠውም።»

መርሳ ወረድኩ፤ በማግስቱ ጠዋት ያንኑ ታክሲ ተከትዬ ወደ ወልድያ መሮጥ ጀመርኩ።