የዓመት ሽሮ የያዘች ጎብኚ

ባለቤቴ ስትጠራኝ የሚደነቁረው ጆሮዬ፣ ከደባርቅ ወደ ጎንደር በሚኒባስ ስንሄድ ከፊቴ የተቀመጡት እናትና ልጅ ካወሩት አንድም ቃል አላመለጠውም።

«እማዬ፣ ዱባይ ስገባ ‹ለምን መጣሽ?› ይሉኛል።»

«ለሥራ በያቸው።»

«ኧረ ይመልሱኛል! የሥራ ቪዛው ገና እዚያ ከገባሁ በኋላ ነው የሚወጣው። ለጉብኝት ነው የምላቸው።»

«መቼ ትመለሻለሽ ቢሉሽሳ?»

«እሱ ነው የጨነቀኝ። የመመለሻ ትኬት የለኝ።»

«ለፋሲካ በያቸው።»

«ሻንጣውን ቢከፍቱስ? ምን ምን ከተትሽበት?»

«ሽሮ፣ በርበሬ፣ ድርቆሽ። ዓመት ያደርስሻል።»

«እማዬ! ለሳምንት የሄደ ጎብኚ የዓመት ሽሮ ይይዛል?»

«ውይ ልጄን! ዳባት ስንደርስ ላውጣልሽ?»

«ሥራ እስካገኝ ታዲያ ምን ልብላ?»

እኔ ሞኙ ሽማግሌ፣ ከወንበራቸው ሥር ወደ እግሬ የወጣውን የሻንጣዋን ጫፍ ቀስ ብዬ በጋቢዬ ሸፈንኩት።