መሠረቱን የጣሉት ሰው

ውይ አንቺ! እዚህ ነሽ እንዴ? ነይ፣ ነይ፣ እዚህ ጎኔ ተቀመጪ፤ ቦርሳዬን ላንሳልሽ። ከመቼ ወዲህ ነው የፀጉር ቀለም የጀመርሽው? አይ፣ ያምርብሻል፤ ፊትሽን አፈካው። እኔማ እንደምታዪኝ ነኝ። ቀኑን ሙሉ መጋረጃ ስሰፋ ውዬ፣ ፀጉሬ ውስጥ ያለው ሽበት ይሁን ክር መለየት አቅቶኛል። ዛሬ ደግሞ ፀጉር ሠሪያችን ብቻዋን ናት፤ ረዳቷ ቀርታባታለች። ይሁን፣ ወረፋ ለጨዋታ ይመቻል።

ልጅሽስ? ያ ጎረምሳ! ባለፈው በሱቄ በር ሲያልፍ አባቱ መስሎኝ ብድግ ልል ነበር። ሒሳብ? ሒሳብ እምቢ አለው? አይዞሽ፣ ሒሳብ የማንን ልጅ በቀላሉ እሺ ብሎ ያውቃል።

አስጠኚ ልትይዢለት ነው? ጎሽ። ማንን አሰብሽ?

…እህ።

እሳቸውን።

አይ፣ ምን አልኩ? ምንም አላልኩም። ስማቸውን ብቻ ቀስ ብለሽ ጥሪው፤ እንዲያውም ባትጠሪው። ለክብራቸው ብዬ ነው። እንዲህ ያለ ስም በሻምፖና በቢጎዲን መሀል አይጠራም። እዚያ ጥግ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ያሉት እመቤት? እኔ ምን አውቄ… ፊታቸውን በመጽሔት ሸፍነውታል። ተያቸው፣ ያንብቡ፤ ንባብ ጥሩ ነው። ካስክ ሲጮህ ደግሞ ምንም አያሰማም ይላሉ። ካስኩ በርቶ ከሆነ ማለቴ ነው።

እኛም ቤት እኮ አስጠንተዋል። አላወቅሽም? ለትንሿ ልጄ፣ ለአምስተኛ ክፍሏ። የመጡ ዕለት ከሳቸው በፊት የገባው ቦርሳቸው ነው። የምስክር ወረቀቱ! ሁሉም በላስቲክ ተለብዶ፣ ዝናብ ቢመታው እንኳ ሴትዮዋ እንጂ ወረቀቱ አይረጥብም። የምረቃ ፎቷቸውን ሲደረድሩ ጠረጴዛው ጠበበኝና የስፌት መኪናዬን አንስቼ መሬት አስቀመጥኩላቸው። ከዚያ ከእጃቸው የወጡትን ሐኪሞች ይቆጥሩልኝ ጀመር። ቆጠሩ፣ ቆጠሩ… በዚህ ከተማ የታመመ ሰው እንዴት ሊገኝ ቻለ ብዬ ገረመኝ። ልጄ እርሳሷን ቀርጻ ትጠብቃለች። ሰዓቱ አለቀ። የመጀመሪያው ቀን ጥናት እሳቸው ነበሩ። እኔም የታሪክ ትምህርት ነው ብዬ ወሰድኩት።

ችሎታቸውን እንዳትጠራጠሪ! እግዜር ያያል፣ ጥያቄውን አንብበው ሳይጨርሱ መልሱ ይመጣላቸዋል። የራሳቸውን ነጭ ሰሌዳ ይዘው ነው የሚመጡት። ጽሕፈታቸውን ብታዪ ባለ ሱቅ ሁሉ ማስታወቂያ ያጽፋቸዋል። ይጽፋሉ፣ ይጽፋሉ፣ ዞር ይሉና «ገባሽ?» ይሏታል። ልጄ «ገባኝ» ትላለች። ጠረግ! እንደገና ይጽፋሉ። «ገባሽ?» «ገባኝ።» ጠረግ! እኔ ማዶ ቁጭ ብዬ መጋረጃዬን እየሰፋሁ፣ ገባሽ ገባኝ፣ ገባሽ ገባኝ… ከመኪናዬ ጋር እኩል ሲሄድልኝ እንዴት ደስ ይለኝ ነበር መሰለሽ።

አንድ ቀን ብቻ ልጄ ተሳሳተችና ጠየቀች። «ይሄ ቁጥር ከየት መጣ?» አለቻቸው። እሳቸውም የብዕራቸውን ክዳን ገጥመው፣ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ይሄንን እኮ የሦስተኛ ክፍል ሕፃን ያውቀዋል» አሏት። በቃ። አልተቆጡ፣ አልጮኹ። ሌላ ሰው ቢሆን ይሳደብ ነበር አይደል? ከዚያ ቀን ወዲህ ልጄ ጥያቄ የሚባል ነገር ጠይቃ አታውቅም። ጊዜ መቆጠብ ካላልሽ ይሄንን ምን ትይዋለሽ? «ገባኝ» ማለትን ግን አጥርታ ተማረች። አባቷ «እራት በላሽ?» ሲላት «ገባኝ» ትለዋለች። ታላቅ እህቷ «ጫማዬን የት አደረግሽው?» ስትላት «ገባኝ»። እኛ ደግሞ ስንስቅ… ሞኞች።

ከዚያ ፈተና መጣ። ፈተና ክፉ ነው እንግዲህ፤ ገባሽ ወይ ብሎ አይጠይቅም።

ወደቀች። ለጥቂት እንኳ አይደለም፣ በደንብ አድርጋ ወደቀች።

እኔ ደነገጥኩ። እሳቸው? ንቅንቅ አላሉም። ትልቅነት እኮ እዚህ ላይ ነው የሚታየው። ወንበር ስቤ አስቀመጥኳቸው፤ ሻዩን ፉት እያሉ «አይዘኑ» አሉኝ። «አንዳንድ ልጅ ለትምህርት አልተፈጠረም። የሷ ጭንቅላት ጠባብ ነው፤ ቢያስገቡበትም አይይዝም። በከንቱ አይድከሙ፣ እንደ እርስዎ ያለ የእጅ ሙያ ያስይዟት።» አየሽልኝ? የኔን ሙያ እንኳ አልረሱትም። የልጄን ዕድሜ ሙሉ በአንድ ስኒ ሻይ ጨረሱልኝ። ስኳሩንም አልተውትም።

ልጄ መጋረጃው ጀርባ ነበረች።

እኔው ራሴ የሰፋሁት መጋረጃ ነው። ወፍራም ነው፤ ብርሃን አያሳልፍም። ለካ ድምፅ ያሳልፋል።

…ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ሆዴን ትል ጀመር። የትምህርት ቤት ልብሷን ሳወጣ ይይዛታል፣ መልሼ ሳስገባ ይተዋታል። ሐኪም ቤት ወሰድኳት፤ ምንም የለባትም አሉን። እንዲህ ስንል፣ አንድ ቀን እዚሁ ይዣት መጣሁ፤ እዚያ መስተዋቱ ፊት ያለው ወንበር ላይ። ይቺ ፀጉር ሠሪያችን ሹሩባዋን እየፈታች ሳለ እጇ ቆመ። ቀስ ብላ «እትዬ፣ አንዴ ነይ እስቲ» አለችኝ። ሄጄ ባይ… ከጆሮዋ ጀርባ ባዶ ነው። ሳንቲም የሚያክል። ቆዳው ቀልቷል። የቆዳ በሽታ መስሎኝ «ምን ነክቶሽ ነው የኔ እናት?» ብላት፣ በመስተዋቱ ውስጥ አየችኝና «ሒሳብ ስሠራ እነቅለዋለሁ» አለችኝ።

«ለምን?»

«ጭንቅላቴ ጠባብ ስለሆነ። ትንሽ ቦታ እንዲለቅልኝ ብዬ።»

…

ያንን ቅባት አቀብዪኝ እስቲ። እጄ ደርቋል።

አዎ። ምን እያልኩሽ ነበር? አስጠኚ። ፀጉር ሠሪያችን ታናሽ እህት አለቻት፤ ልጄን እንድታስጠና እሷን ላከችልኝ፤ ከዚሁ ፀጉር ቤት ጀርባ ያለችው ክፍል ውስጥ አብረው ነው የሚኖሩት። እሳቸው «ደጋሚዋ» የሚሏት። ሐሰት አይደለም፤ ስምንተኛ ክፍልን ደግማለች። ልጅቷ ራሷም አትደብቅም። በሬ ላይ ቆማ፣ ማስቲካዋን እያኘከች፣ «እኔ ደጋሚ ነኝ፤ ካልፈለግሽ ከበሩ ልመለስ» አለችኝ። እስቲ አሁን አስጠኚ እንዲህ ይላል? ወረቀት የለ፣ ፎቶ የለ። ጫማዋ በጭቃ ተለውሷል። ገብታ ደግሞ ሰላም እንኳ ሳትል የቁርሱን ዳቦ በላችው! እሳቸው ቢሆኑ… ደግመው አያውቁም። ክፍል መድገሙ ይቅርና አንዴ የተናገሩትን እንኳ ለልጅ ደግመው አያውቁም።

ደጋሚዋ መጽሐፉን አልከፈተችውም። ልጄ ፊት ለፊት ተቀመጠችና ዝም አለች። ልጄ ጨነቃትና «ገባኝ» አለቻት።

«እኔ እኮ ገና አልተናገርኩም» አለቻት ደጋሚዋ።

ልጄ ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ! እኔ መርፌዬን ጣልኩት።

ከዚያ ቤቴን ገበያ አደረገችው። «ገባኝ» ማለት ክልክል ሆነ። ያልገባት ነገር ሲመጣ ልጄ ብድግ ብላ፣ ጎረቤት እስኪሰማ፣ «አልገባኝም!» ብላ መጮህ አለባት። ደጋሚዋ ደግሞ «እሰይ! የቱ ጋ?» ትላለች። የቱ ጋ፣ የቱ ጋ እየተባባሉ ወደ ኋላ ሄዱ፤ አራተኛ ክፍል ወረዱ፣ ሦስተኛ ክፍል ወረዱ… ለካ ልጄ የቀረችው ክፍልፋይ ላይ ኖሯል። ግማሽና ሩብ ላይ! እዚያው ቆማ ቀርታ፣ እኛ ከላይ ከላይ ስንጭንባት። «ይሄንን የሦስተኛ ክፍል ሕፃን ያውቀዋል» ብለው አልነበር? ልክ ነበሩ እኮ። ወርደው ቢያሳዩዋት ደግሞ… ግን እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ብሎ ይወርዳል? ከፍታው ራሱ ያዞራል።

አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ፣ ለደንበኛ ያስቀመጥኩትን ጨርቅ ሁለቱ ወለል ላይ ዘርግተው ይቆርጡታል! ግማሽ፣ ሩብ፣ የሩብ ግማሽ! እሪ አልኩ። ደጋሚዋን ላስወጣት በሩን ከፈትኩ። ልጄ ቁራጩን ከፍ አድርጋ፣ «እማ፣ ተመልከቺ፣ የታችኛው ቁጥር ሲተልቅ እኮ ጨርቁ ያንሳል!» አለችኝ። ፊቷ በርቷል። በሩን መልሼ ዘጋሁት። ለደንበኛዬ አይጥ በላው አልኳት።

በዓመቱ መጨረሻ አለፈች። አንደኛ ወጣች አልልሽም፤ መሀል ላይ ሆና አለፈች። ፀጉሯም በቀለ፤ መጀመሪያ እንደ ጫጩት ላባ ነበር፣ አሁን ሹሩባ ያስይዛል።

ታዲያ ውጤት የተሰጠ ዕለት፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ እናቶች ሁሉ ተሰብስበን፣ እሳቸው መጡ። ልጄን አገጯን ያዝ አድርገው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «መሠረቱን እኔ ነኝ የጣልኩት» አሉ። «አሁን የምታስጠናት ልጅ ዝም ብላ ነው የጨረሰችው።» ሰው ሁሉ አጨበጨበላቸው። እኔም አጨበጨብኩ። ምን ልበል? ሐቅ ነዋ! መሠረት ሲጣል መጀመሪያ ጉድጓድ ይቆፈር የለም? ቆፍረዋታል። እንደሳቸው ጥልቅ አድርጎ የሚቆፍር አላየሁም።

አኩርፌያቸው እንዳይመስልሽ። አሽሙር የሚባለውንም አልችልበትም፤ እኔ ያየሁትን ነው የምናገረው። ካስኩ ጠፋ እንዴ? አይ፣ እኚያ እመቤት እኮ ጆሯቸው ቀልቷል፤ ሙቀቱ ነው። ውሃ ይሰጣቸው!

ይኸውልሽ፣ ጨዋታዬን ልጨርስ። ልጄ አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ጀርባ ወዳለችው ክፍል ትሄዳለች። ባለፈው ላመጣት ሄድኩ። ገና ከውጭ ስደርስ «አልገባኝም!» ይጮሃል። አንደኛው የልጄ ድምፅ ነው፤ ሌላኛው ግን እንግዳ ነው። ብገባ፣ አንዲት ልጅ ከልጄ ጋር ትከሻ ለትከሻ ገጥማ ተቀምጣለች። አፍንጫዋን የማውቀው መሰለኝ፤ ዓይኗንም። «የማን ልጅ ነሽ የኔ ቆንጆ?» አልኳት።

«እማዬ ለማንም አትናገሪ ብላኛለች» አለችኝ።

እሺ፣ አትናገሪ አልኳት። ልጅ የእናቷን ቃል ማክበሯ ደግ ነው። ወዲያው በጓሮ በር፣ ሻሿን እስከ ዓይኗ ያወረደች ሴት ገባች። ማን እንደሆነች እንዴት ብዬ ልወቅ? ስታየኝ ክው አለች። «ቤት… ቤት ተሳስቼ ነው» አለችኝ። ልጅቷ ደግሞ «እማዬ፣ ጨርሻለሁ!» ብላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመችባት። ደጋሚዋ ከወዲያ ሆና፣ «ቅዳሜ ሁሌ በዚህ ሰዓት ነው የሚሳሳቱት» አለችኝ፤ ማስቲካዋን እያኘከች።

ልጅቷን ግን ወደድኳት። እሷ ምን አጠፋች? ስሰናበታት ሳላስበው እጄ ከጆሮዋ ጀርባ ሄደ… ደህና ናት። ፀጉሯ ሙሉ ነው። ከልቤ ነው እሰይ ያልኩት። እናቷ ቶሎ ደርሳላታለች። አስተዋይ ሴት ናት አልኩ፤ ለሰው ልጅ ምን ዓይነት አስጠኚ፣ ለገዛ ልጇ ደግሞ ምን ዓይነት አስጠኚ እንደሚሆን ለይታ የምታውቅ።

አንቺ ግን ያሰብሽውን አትተዪ። ያዢያቸው አልልሽም፣ አትያዢያቸውም አልልሽም። ልጅሽ ወንድ ነው፤ ፀጉሩም አጭር ነው፤ ምን ይነቅላል?

በይ ተነሺ፣ ተራሽ ደርሷል። እመቤትም ጨርሰው መጽሔታቸውን እያስቀመጡ ነው። ውይ… ውይ በሞትኩት! እርስዎ ኖረዋል እንዴ! እኔን አፈር ያድርገኝ፣ በመጽሔቱ ምክንያት እኮ ሳላውቅዎ! ፀጉርዎ እንዴት አምሯል! ቆየት አይሉም? ይቸኩላሉ፤ ልክ ነው፣ ዛሬ ቅዳሜ ነው። እንግዲህ መልካሙን ሁሉ ያድርግልዎ፤ ለልጄ የዋሉላትን እግዜር አይርሳብዎ፤ ዕድሜና ጤና ሰጥቶ፣ የልጅ ልጆችዎን በገዛ እጅዎ ለማስጠናት ያብቃዎ።