ሳይጠሩት የሚደርስ አናጢ

«ዝናቡ ዛሬ ፋታ ሰጠን አይደል፣ አጎቴ ክዋንሳ? ምላጩን ብቻ ሳል ያድርጉልኝ... አንገቴ ላይ ቀስ ይበሉ። ራሴን ሙልጭ አድርገው ይላጩኝ፤ ምንም እንዳያስቀሩ። ልጄ ካረፈ ዛሬ ስምንተኛ ቀኑ ነው።»

ኤሲልፊ ይህን ያለው በንክዋንታ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት፣ ማንጎው ዛፍ ሥር ባለው የፀጉር አስተካካዩ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። በከተማዋ ያሉትን የሱቅ ሰሌዳዎች የጻፈው እሱ ነው። ከኋላው፣ አግዳሚው ላይ፣ አንድ አናጢ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተራውን ይጠብቃል። ተራውን ብቻም አልነበረም የሚጠብቀው። እንግሊዛዊው ኮሚሽነር ለአዲሱ ማዋለጃ ቤት ዐሥራ ሁለት የሕፃናት አልጋ የሚሠራ አናጢ ይፈልጋል። የተመረጠውን ስም እስከ ማታ የሚልክለት ደግሞ ፀጉር አስተካካዩ፣ የከተማዋ ባለሙያዎች አለቃ አጎቴ ክዋንሳ ነው። ወረቀቱ ከመስተዋቱ ሥር ተሰክቷል። የስሙ ቦታ ገና ባዶ ነው።

ኤሲልፊ ወደ ኋላ አልዞረም። አግዳሚው በመስተዋቱ ውስጥ ይታየዋል።

«እኔ የምለው፣ አጎቴ... በዚህ ከተማ ሥራውን በቀጠሮው የሚያደርስ ማን አለ? ልብስ ሰፊያችን ለገና ያዘዝኩትን ሱሪ ለፋሲካ ሰጠኝ። ለዚያውም የኔ አይደለም፤ የፖስታ ቤቱ ጸሐፊ ሱሪ ነው። እሱ የኔን ለብሶ ሲሄድ አየሁት፤ ቁርጭምጭሚቱ ውጭ አድሯል። ልብስ አጣቢውስ? ሸሚዜን እሁድ ቤተ ክርስቲያን አገኘሁት። መዘምራኑ መካከል ቆሞ ይዘምራል! ኧረ አይሣቁ፣ ጆሮዬን ይቆርጡኛል። ሰዓት ሠሪውማ የጣቢያውን ሰዓት ከሠራ ወዲህ፣ የሚሳሳተው ባቡሩ ነው ብሎ ድርቅ ብሏል።

«እኔስ ብሆን? የርስዎን ሰሌዳ ‹ክዋንሳ ፀጉር› ድረስ ጽፌ ስንት ወር ተውኩት? ሰዉ ፀጉር የሚሸጡ መስሎት ነበር። ሁላችንም እንዘገያለን፤ አመላችን ነው። አንድ ሰው ብቻ ሲቀር... ስሙን ምን አስጠራኝ፤ ጨዋ ሰው ፊት ለፊት ሲመሰገን ያፍራል። ያ ሰው ግን ይቀድማል።»

አግዳሚው ሲጢጥ አለ።

«እርግጥ ድሮ እንዲህ አልነበረም። ባለቤቴ ኢቦን ስታረግዝ አልጋ አዘዝነው። አራት እግር፣ ዙሪያውን ርብራብ፣ ያው የሕፃን አልጋ። ‹እንጨቱ ይድረቅ› አለን። እውነቱን ነው፤ እርጥብ እንጨት ይጣመማል። ኢቦ ተወለደ፣ እንጨቱ ይደርቃል። ኢቦ ዳኸ፣ እንጨቱ ይደርቃል። አልጋው የመጣ ቀን በሩን የከፈተለት ማን መሰለዎት? ኢቦ ራሱ፣ በእግሩ ሄዶ! ምን እናድርገው፣ ሽንኩርት አስቀመጥንበት። ጥሩ አልጋ ነው... ሽንኩርቱ ተመችቶታል።»

አጎቴ ክዋንሳ ሊሥቅ ጀመረና በመስተዋቱ ውስጥ አግዳሚውን አይቶ ተወው።

«ሰው ግን ይሻሻላል። አይሻሻልም እንዴ? ኢቦ ኩፍኝ ይዞት ተኝቶ ሳለ፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ሊጠይቀን መጣ። ሁለት ብርቱካን ይዞ! የገዛ ዘመዶቼ እንኳ እጃቸውን እያወዛወዙ ነው የመጡት። ምንጣፉ ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። ‹እንዴት አድጓል ይሄ ልጅ!› አለና እጁን ዘረጋ። ከተረከዙ ጀምሮ... አንድ ስንዝር... ሁለት ስንዝር... ሦስት... እስከ አናቱ። ኢቦ ኮረኮረው መሰል፣ ትኩሳቱ ላይ ሆኖ ሣቀ። እኔም ልቤ ተነካ። ልጅ የሚወድ ሰው ነው አልኩ። የሰው ልጅ በስንዝር እየለካ የሚያጫውት ዛሬ ማን አለ?»

ምላጩ ቆመ።

«ምነው አጎቴ፣ ደከምዎት? ግማሽ ራስ ይዤ ልሂድ እንዴ? ይቀጥሉ እንጂ።

«ዓርብ ጎህ ሲቀድ ልጁ አረፈ። አክስቶቹ ማልቀስ ሳይጀምሩ ወደ ሰውየው መሥሪያ ሮጥኩ። አፌን እስክከፍት አላስቸገረኝም። ምን ፈልገህ ነው አላለኝ። ቁመቱ ስንት ነው አላለኝ። ሳንቃዎቹን ገፋ ገፋ አደረገና ከጀርባቸው አወጣልኝ። ያለቀ ሣጥን! የተላገ፣ ነጭ የተቀባ። ልጁን ስናስተኛው ልክክ አለ... አንድ ጣት አልተረፈ፣ አንድ ጣት አልጎደለ። እንዲህ ያለ ባለሙያ ከየት ይመጣል?

«እኔ ደግሞ የሙያ ነገር ሆኖብኝ በአውራ ጣቴ ነካ አደረግኩት። ቀለም ቀቢ አይደለሁ፣ እጄ አያርፍም። ደርቋል! በዚህ ዝናብ የዘይት ቀለም በስንት ቀን ይደርቃል፣ አጎቴ? ሰሌዳዎን እየነካኩ ስንቴ ነው ጣትዎ ሰማያዊ የሆነው? ሁለት ቀን... ሁለት ቀን ሙሉ። እንግዲህ ወደ ኋላ ይቁጠሩታ። ሐሙስ... ረቡዕ።»

 ኤሲልፊ አንገቱ ላይ ከታሰረለት ጨርቅ ሥር እጆቹን አጥብቆ ያዘ። እንባ አውጥቶ ለሰውየው ሊያሳየው አልመጣም። የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያ ስም በዚያ ወረቀት ላይ እንዳይጻፍ። አራሶች በተኙበት ቤት እየገባ ሕፃናትን በስንዝር የሚለካ ሰው እንዳይኖር።

«ረቡዕ ኢቦ ተነሥቶ ተቀምጦ ነበር» አለ፣ ድምፁን አስተካክሎ። «ትኩሳቱ በረድ ብሎለት ‹ኬንኬ በዓሣ ስጡኝ› አለ። የበቆሎውን ሙልሙል ከእናቱ እጅ በላ። ‹ልጄ ተረፈልኝ› ብላ በአጥሩ ላይ ለጎረቤት ስትነግር ሰማኋት... እኛ እንዲህ ነን። ነፍሱ ያለች ልጅ ይድናል ብለን ቁጭ እንላለን። አርቆ የሚያይ ሰው ግን ያን ሰዓት ብሩሹን ያነሣል።»

በመስተዋቱ ውስጥ ባርኔጣው በአናጢው ጣቶች መካከል ይሽከረከራል።

«ለማዋለጃ ቤቱ አናጢ ይፈለጋል ሲባል ሰማሁ። እኔ ምን አገባኝ፤ ሥልጣኑ የርስዎ ነው። ደግሞ እንዲህ ያለውን ሰው ትቶ ሌላ መፈለግ ምን ይባላል? ለኮሚሽነሩ ብቻ አስቀድመው ይንገሩልኝ። አልጋዎቹ ትንሽ ይቆዩ ይሆናል፤ ሕፃናቱ ጥርስ እስኪያበቅሉ። እንጨት ነዋ! ሌላው ሌላው ግን አያሳስባቸው። ማንም ሳያዝዘው፣ በየአልጋው ሥር ተቀምጦ፣ ‹እንዴት አድጓል!› እያለ፣ ለእያንዳንዱ በልኩ አሰናድቶ ይጠብቃቸዋል። ለእናቶቹ ትልቅ ዕረፍት አይደለም? ሐዘን ላይ ሆኖ አናጢ ደጅ መጥናት እንዴት ያለ ጭንቅ ነው... ይኸው እኔን ገላገለኝ አይደል?»

አጎቴ ክዋንሳ ምላጩን በፎጣ ጠረገ። ከጆሮው ኋላ እርሳሱን አነሣ። ወረቀቱን ከመስተዋቱ ሥር ነቅሎ፣ ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ ከሐዲዱ ማዶ የሚሠራ የሌላ አናጢ፣ የአንድ ሽማግሌን ስም ቀስ ብሎ ጻፈ። እየጻፈ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ጮክ ብሎ ጠራቸው። ሲጨርስ አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው።

አናጢው ከአግዳሚው ተነሣ። ባርኔጣውን አደረገ፣ መልሶ አወለቀ፣ ያልተላጨ ጉንጩን አሸት አሸት አድርጎ ሁለት እርምጃ ሄደና ቆመ። 

ኤሲልፊ ተላጭቶ ያበቃ ራሱን በመዳፉ ዳሰሰ። ከወንበሩ ወርዶ ጥቁር ጨርቁን ትከሻው ላይ አደላደለ። አሁንም አናጢውን አላየውም። ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ፣ በቀኑ ሙሉ ብርሃን፣ ለአጎቴ ክዋንሳ እንዲህ አለ፦

«እኔ መቼም ክፉ አልመኝለትም። ዕድሜ ይስጠው። ጤና ይስጠው። እንደ ሰው አንድ ቀን ታሞ ቢተኛም፣ ጠያቂ አይጣ... ጠያቂውንም ልክ እንደ ራሱ ያለ ደግ ሰው ያድርግለት። አሜን ይበሉ እንጂ፣ አጎቴ!»