ሳሎኔን ያስመለሰልኝ ጎዳና

ክቡራትና ክቡራን፣ በተለይ ይህን አዳራሽ ስታሰናዱ «ወዲያ በይ፣ አንቺን አይመለከትሽም» እያላችሁ ያባረራችሁኝ ባልደረቦቼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አበባው ያምራል። ወንበሮቹን ግን ማን ነው የደረደራቸው? መተላለፊያ የላቸውም እኮ። ዕድሜ ልካችንን ስለ እግረኛ ስንጨቃጨቅ ኖረን፣ እኔ ዛሬ የሰው እግር እየረገጥኩ መድረክ ልውጣ?

ጡረታ የሚወጣ ሰው ሆዱ ይባባል ይባላል። እኔን ግን ቅልል ብሎኛል። ምክንያቱ ደግሞ ታላቅ እህቴ ናት።

እትዬ ልብስ ሰፊ ናት። ሱቋ ያ መኪና የማይበርድለት ጎዳና ዳር ነበር። እኛ የከተማ ዕቅድ ሰዎች እዚያ ባለው የአውቶቡስ ፌርማታ ዙሪያ ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ፣ ከፊት ሰፊ የእግረኛ መንገድ ያለው ሰፈር ይሠራ ብለን አቀድን። ዕቅዳችንም ከሁሉ በፊት የእሷን ሱቅ አፈረሰ።

«አይዞሽ እትዬ፣ ሲያልቅ አዲሱ ሕንፃ ሥር ትመለሻለሽ» አልኳት።

«ማን ነው ያለው?»

«እኔ ነኛ።»

«እንግዲያው እስኪያልቅ አንቺ ጋ ነኝ» ብላ የስፌት መኪናዎቿን ሳሎኔ ውስጥ ደረደረቻቸው። መኪና ይቀነስ እያልኩ የኖርኩት ሴትዮ፣ መኪና ቤቴ ድረስ ገባልኝ።

ባለቤቴ ቴሌቪዥን የሚያየው በሙሽራ ቀሚሶች መሃል አጮልቆ ሆነ። ሶፋው ላይ መርፌ ስለወጋው ቆሞ መብላት ለመደ። እትዬ ደግሞ ጠዋት ጠዋት መርፌ የነከሰ አፏን ሳትከፍት ቅንድቧን ቀና ታደርግልኛለች። «አለቀ?» ማለቷ ነው።

አንድ ጊዜ የሱቁ ነገር ጭራሽ ሊቀር ነበር። ከታች ያለው ሱቅ ቀርቶ የመኪና ማቆሚያ ይሁን፣ ጎዳናውም ይስፋ የሚል ሐሳብ መጣ። ማን አመጣው? ይኸው ፊት ለፊቴ የሚስቀው የትራፊክ መሐንዲሳችን፤ ሁሉን «አይቻልም» ስለሚል ቀይ መብራት ያልነው። ሐሳቡ ቢጸድቅ እትዬን በምን ዓይኔ አያታለሁ?

ከመወሰናችሁ በፊት ቦታውን በእግራችሁ እዩልኝ ብዬ ለመንኩ። በአውቶቡስ ሄድን። ያኔ ሾፌሩ ያንን ፌርማታ ዝም ብሎ ያልፈው ነበር፤ «ወራጅ አለ» የሚል ከስንት አንዴ ነው። ወርዶስ የት ይኬዳል? እኛ ጮኸን ወረድን። እዚያ ማንን ብናገኝ ጥሩ ነው? የቀይ መብራትን አማት፤ ታክሲ ሲጠብቁ።

ወዴት ነው ብንላቸው ወደ መድኃኒት ቤት አሉ። መድኃኒት ቤቱ ማዶ ነው፤ ባለቤቷ ስታዛጋ ትታያለች። ግን መሻገሪያ የለም። ታክሲው ቁልቁል ሄዶ፣ ዞሮ፣ ማዶ ያወርዳቸዋል። መንገድ ለመሻገር ታክሲ!

ቀይ መብራት ፊቱ ቀልቶ «ታዲያ ለእኔ ለምን አልነገሩኝም?» አላቸው።

«ምን ብዬ ልንገርህ፣ ልጄ? መንገዱን ማን እንደሠራው እያወቅኩ።»

በማግስቱ ስብሰባው ላይ ተነሥቶ ሱቁ ይቆይ፣ ጎዳናው ይጥበብ፣ መሻገሪያም ይሠራ አለ። በመካከል በነበረው ምሽት ሚስቱ ምን እንዳለችው አልጠየቅኩም፤ እናንተ ጠይቁት።

ሕንፃው አለቀና ባለፈው ሳምንት እትዬ መኪናዎቿን ጭና ወጣች። ለካ ሳሎኔ ሰፊ ነው! ባለቤቴ ሶፋውን መጀመሪያ በእጁ ዳበሰው፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

እኔም ልጠይቃት በአውቶቡስ ሄድኩ። ገና ሳንደርስ ከኋላ አንዱ «ወራጅ አለ» አለ፤ ከፊት ሌላዋ ደገመች። አፌን እስክከፍት ግማሹ ሰው ተነሥቷል። ከአዲሱ ሱቅ ስገባ እትዬ ፎቅ ላይ ለምትኖር ጎረቤቷ መጋረጃ ትለካለች። አየችኝና ቅንድቧን ቀና አደረገች። ከዚያ መርፌዎቹን ከአፏ አንድ በአንድ አውጥታ «አለቀ» አለችኝ።

እናንተ የምትቀሩት፣ እጃችሁ ይባረክ። በምታቅዱት ሰፈር ሁሉ ጠዋት ጠዋት የምትጠይቅ እህት አያሳጣችሁ፤ ሳሎናችሁን ግን ይጠብቅላችሁ። እናቶቻችሁ ማዶ ያዩትን በእግራቸው ይድረሱበት። ጤናና ሰላም አይለያችሁ።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ መሪው በእጅዎ ነውና እባክዎ ዳር ይያዙልኝ።

ወራጅ አለ።