ዛፍ ለማየት ሐይቅ የተሻገርኩበት ቀን

በኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ሰው ጣናን የሚሻገረው ለስለት ነበር እንጂ ዛፍ ለማየት አልነበረም። ታዲያ ልጄ ዘነቡ ከሞጣ አስመጣችኝና ባሕር ዳር ዓይኔን አሳከመችኝ፤ ከዚያ «እማዬ፣ ከመመለስሽ በፊት አንዱን የጣና ደሴት ላሳይሽ፣ ፓርክ ሆኗል» አለችኝ። እኔ ደክሞኛል፣ መተኛት ነው የምፈልገው፤ ግን እሷ ከሥራ የምታርፈው ያን ቀን ብቻ ነው፣ እንዴት እምቢ ልበል።

እና ሄድን። ጀልባው ይጮሃል፣ ውኃው ይረጫል፣ እኔ ብረቱን ጨብጬ ማርያምን እጠራለሁ። ደረስን። ዋርካው አለ፣ ወይራው አለ፣ ጌሾው አለ፣ መቀመጫው አለ፣ በየዛፉ ላይ ስሙ ተለጥፏል። ጥበቃው ቅጠል መቁረጥ ክልክል ነው አለን። ዕድሜዬን ሙሉ ሞጣ ገበያ ጌሾ ስሸጥ የኖርኩት እኔ፣ ከጌሾው አጠገብ ቆሜ አንዲት ቅጠል ሳልነካ አለፍኩ፣ ይታያችሁ።

ታዲያ እንደተቀመጥን ልጄ ከወንድሞቿ ጋር እንደተማከሩ፣ ብቻዬን መኖሬ እንዳሳሰባቸው፣ ቤቱን አከራይቼ እሷ ጋ እንድኖር ነገረችኝ።

«የአባትሽ ሬሳ የወጣው ከዚያ ቤት ነው። እኔም የምወጣው ከዚያው ነው» አልኳት።

ተነሥተን ወደ ጀልባው ሄድን። እና እግሬን ላነሳ ብል ጉልበቴ እምቢ አለኝ። አንዴ ሞከርኩ፣ ሁለቴ ሞከርኩ፣ እምቢ። ጀልባ ነጂው «እማማ፣ ይፍቀዱልኝ» ብሎ እንደ ጤፍ ኬሻ ብድግ አድርጎ አስገባኝ። እኔ ልስቅ ነበር፤ ዞር ብል ልጄ ፊቷን ወደ ውኃው አዙራ ታለቅሳለች። በንግግሯ ያልተሸነፍኩት እኔ ያኔ ተሸነፍኩ። መሐል ሐይቅ ስንደርስ ክንዷን ያዝኩና «እሺ፣ እኖራለሁ» አልኳት። በሞተሩ ጩኸት አልሰማችኝም። ደግሜ መናገር ነበረብኝ፣ ልጆቼ፤ ሁለተኛው ነው የከበደኝ።

ይኸው ሁለት ዓመቴ። ልጄ ደግ ናት፣ የጎደለብኝ የለም። ብቻ ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሳኝ ጉዳይ የለኝም፤ የሚያደክመኝ እሱ ነው።

አሮጊቷ ጨዋታቸውን ሲጨርሱ፣ ከሰሚዎቹ አንዷ ጎረቤት «ታዲያ ይጸጸታሉ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«አይ፣ አልጸጸትም። ግን የሞጣ ሰው መንገድ ላይ ካገኘሁ ቶሎ አልለቀውም» አሉና ሳቁ።