በበሽተኛ ራስጌ የተባለ ተመስገን

በ፲፱፻፸፰ ዓ.ም. በጥቅምት፣ በሰሊጥ አጨዳው ሰሞን፣ ዱቄት ተሸክሜ ከወፍጮ ቤት ስመለስ ከከተማችን ከኮኪት መውጫ ላይ ቢሻውን አገኘሁት። ቢሻው ከጎጃም ለአጨዳ የመጣ የቀን ሠራተኛ ነው። የእኛን ሰሊጥ ሲያጭድ ወባ ጥሎት ሦስት ቀን ከዳሳችን ሥር ተኝቶ ነበር። አሁን ግን ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ ጓዙን ተሸክሞ በእግሩ ወደ ሽንፋ ሊሄድ ተነሥቷል። በዚያ ፀሐይ ከመንገድ ወድቆ እንደሚቀር ማንም ያየው ያውቃል። ጎረቤቴ አስተማሪዋ አይናዲስ ጓዙን ይዛ ትጎትተዋለች።

«ምን ሆናችሁ?» ብዬ ጮኽሁ።

«እኔን ሳይሆን ራስዎን ይጠይቁ!» አለች አይናዲስ። «የልጅ ልጅዎ ዙፋን ምሳዋን ይዛ ከራስጌው ቆማ፣ ‹እንደ ቢሻው ቤት አልባ በሽተኛ ስላላደረግኸን ተመስገን› አለች። ማን አስተማራት?»

ደሜ ፈላ። ያስተማርኋት እኔ ነኝ። እናቷ ከሞተች ወዲህ፣ ልጅቷ ምስጋና ከረሳች የቀረን ሁሉ የሚነጠቅ ይመስለኛል።

«ጓዲት!» አልኋት ላበሽቃት። «በትምህርት ቤት የእግዜርን ስም ማንሣት ነውር አደረጋችሁት፤ ከእኔም ማዕድ ልታስቀሪው ነው?»

«እኔም ክርስቲያን ነኝ፣ እማማ ሀብትነሽ። ታመስግን እንጂ! ግን የሰው ስቃይ የምስጋናዋ ማጣፈጫ ነው? ነገ ወባ ሲይዛት ‹እግዜር ጠላኝ› ትላለች።»

«ከሌለው ካላስተያየች ያላትን በምን ታውቃለች?»

«የምትበላውን ማን እንዳጨደው ይንገሯታ!»

ይኼኔ ቢሻው ጓዙን ለቀቀና መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«እናቴዋ፣ የእኔም ልጅ በሷ ዕድሜ ናት። ‹አባቴን ስለሰጠኸኝ ተመስገን› ነው የምትል። የዙፋንን ስሰማ፣ ለካ እኔ ለሌላው ልጅ ማስፈራሪያ ነኝ አልሁ።»

የተቆጣሁት ሁሉ ወደ ራሴ ዞረ።

«ተነሣ!» አልሁት። «ወደ ቤት! እምቢ ካልህ ይህን ዱቄት እዚሁ እደፋዋለሁ!»

«ኧረ እህሉን አይድፉ» ብሎ ተከተለኝ።

እቤት ስንደርስ ዙፋን ከበሩ ኋላ ተደብቃ ታለቅሳለች። «አይቆጧት፤ ያስተማሯትን ነው ያለችው» አለች አይናዲስ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ልጄ» አልኋት ዙፋንን።

«ታዲያ ምን ብዬ ላመስግን?»

«ዛሬ ያገኘሽውን፣ በማን እጅ እንዳገኘሽውም ጨምረሽ ለእግዜር ንገሪው። ከዚያ አካፍይ።»

እናንተ ልጅ የምታሳድጉ፣ እንደኔ አትሳቱ! በፍርሃትና በሰው ችግር የተማረ ምስጋና ልጅን ትዕቢተኛ ያደርጋል። የተቀበለውን እየጠራ የሚያመሰግን ልጅ ግን ሰው አይንቅም፤ ሲታመምም ከእግዚአብሔር አይሸሽም፤ እጁም ለመስጠት አይከብድም።

ዙፋን እንጀራዋን ቆርሳ ለቢሻው ሰጠችውና ዓይኗን ጨፈነች።

«ሰሊጣችንን ያጨደልንን ቢሻውን ስለመለስህልን ተመስገን።»

እኔ በራሴ ላይ ከያዘኝ ንዴት ገና አልበረድሁም ነበር። ቢሻው ቀድሞኝ «አሜን» አለ።