ደሙስ ምን አለ?

እስቲ ብርጭቆ የያዛችሁ ያዙ፣ ያልያዛችሁ ፈልጉ። የእትዬ የጡረታ ሽኝት ነውና ብዙ አላወራም። እትዬ፣ እርስዎም ያንን በጨርቅ የተሸፈነ ነገር በዓይንዎ መቆፈር ይተዉ። ኬክ አይደለም። ሰዓቱ ሲደርስ ይገለጣል።

እኛ ክፍል የመጡበት ቀን መቼም አይረሳኝም። የካላዛር ክትባት የምንፈልግ የኮምፒውተር ሰዎች ነን፤ በሽታውን የሚያመጣውን ጥገኛ ተሕዋስ ግን አንዳችንም በዓይናችን አይተነው አናውቅም። በሩ ተከፈተና እትዬ ማይክሮስኮፕ እንደ ሕፃን ታቅፈው ገቡ። "ጥገኛው የት አለ?" አሉ። እኔ በኩራት ስክሪኑን አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው ጠረጴዛው ሥር አዩ፣ መሳቢያ ሳቡ፣ ከዚያ ቀና ብለው "ልጄ፣ በሕይወት ያለውን ነው የጠየቅኩህ" አሉኝ። እዚያ ክፍል በሕይወት የነበርነው እኛ ብቻ ነን፤ እሱንም የተጠራጠሩ ይመስለኛል።

ለእንግዶቻችን በአጭሩ ልንገራችሁ። ጥገኛው በሺህ የሚቆጠር የፕሮቲን ዓይነት አለው። ለክትባት የሚሆነው ከዚያ ሁሉ አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ነው። የእኛ ፕሮግራም ወንፊት ነው በሉት፤ የሰውን ፕሮቲን የሚመስለውን ይጥላል፣ የሰውነት መከላከያችን ሊለየው የማይችለውን ይጥላል፣ የቀረውን ደረጃ ሰጥቶ ያቀርብልናል። እኛ ደረጃውን አይተን እናጨበጭባለን። እትዬ ግን መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው "እሺ፣ ኮምፒውተሩ ይሄን አለ። ደሙስ ምን አለ?" ይላሉ። ከካላዛር የዳኑ ሰዎች የሰጡንን ደም ማለታቸው ነው። በሽታውን አሸንፎ የሚያውቅ ደም ያንን ፕሮቲን ሲያገኘው ካልነቃ፣ ለእሳቸው አንደኛ መውጣት ወሬ ነው። በሌሉበት "እትዬ ደሙስ" እንላቸው ነበር። መስማታቸውን ያወቅነው አንድ ቀን ስልክ አንስተው "አቤት፣ ደሙስ ነኝ" ሲሉ ነው።

የጥጃውን ነገር ካላነሳሁ ደግሞ አትለቁኝም። አንድ ጊዜ አንድ ፕሮቲን ሌሎቹን ሁሉ አስከንድቶ አንደኛ ወጣ። ለስላሳ ተከፈተ፣ አለቃችን ንግግር ጀመረ። እትዬ ከጥግ ሆነው "ይሄ ነገር የማን ነው?" አሉ።

"የጥገኛው ነዋ!"

"ጥገኛው ያደገበት ፈሳሽ ውስጥስ ምን አለ?"

ሄደን መዝገቡን አየን። ፈሳሹ ውስጥ ከጥጃ ደም የተጣራ ውሃ ነበረበት፤ ያ ጀግናችንም የጥጃው ሆኖ ተገኘ። "እንኳን ደስ አላችሁ፣ ከጥጃ የሚከላከል ክትባት አግኝታችኋል" አሉን። የላቦራቶሪ ቴክኒሻናችን ከዚያ በኋላ በእኛ በር ስታልፍ "እምቧ" ሳትል አትሄድም ነበር። አሁንም እየሳቀች ነው፣ እዩዋት!

ባለቤታቸው እንደነገሩኝ ቤትም ያው ናቸው። ስልኩ "ዝናብ ይዘንባል" ቢል፣ እጃቸውን በመስኮት አውጥተው ካልረጠበ ጃንጥላ አይዙም። ጋሼ፣ ከነገ ጀምሮ ሙሉ ቀን የእርስዎ ናቸው። አይዞዎት።

አሁን ቀልዱን ላቁም። እትዬ በወጣትነታቸው የካላዛር ሕሙማን ክፍል ሐኪም ነበሩ። ሆዳቸው የተነፋ ሕፃናት፣ በየቀኑ የሚወጋ መርፌ፣ የልጇን እግር ይዛ የምታድር እናት፤ ያንን ሁሉ አይተው ነው ወደ እኛ የመጡት። አንድ ቀን "አንዱ የደም ናሙና ተበላሽቷል፣ እንጣለው" አልኳቸው። ቱቦውን ከእጄ ተቀብለው "ናሙና አይደለም። ልጇን ቀብራ እሷ የዳነች ሴት ናት። ክንዷን የዘረጋችልን የሌላዋ ልጅ እንዲተርፍ ነው" አሉኝ። እትዬ፣ እኔ ሥራዬን የወደድኩት ያን ቀን ነው። እስከ ዛሬ አልነገርኩዎትም። አመሰግናለሁ።

እንግዲህ የመጨረሻው ፕሮቲናችን። ፕሮግራሙ አንደኛ ሲያደርገው እትዬ ሽንጣቸውን ገትረው ተከራከሩ። "ይሄማ አይሆንም! ይሄ ከሠራ በሰው ፊት ለኮምፒውተሩ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳለሁ" አሉ። ሁላችንም ሰምተናል። የደሙ ሙከራ ውጤት ከሽኝቱ በፊት እንዲደርስ ሲጨነቁ ሰነበቱ፤ ዛሬም ከገቡ ጀምሮ "መጣ ወይ?" እያሉ በዓይንዎ ሲጠይቁኝ እኔ ፊቴን ሳዞር ነበር። ይቅር ይበሉኝ።

ውጤቱ ጠዋት መጥቷል። ሁለት ጊዜ የተሠራ ነው። የጥጃም አይደለም፣ አረጋግጠናል።

እትዬ፣ ደሙ ነቅቷል። ክንዷን ዳግም የዘረጋችልን የዚያች ሴት ደምም ጭምር።

መንገዱ ገና ረጅም ነው፤ ይሄን እርስዎ ነዎት ያስተማሩን። ግን ተሸንፈዋል፤ እንደ ዛሬም ሽንፈት አምሮብዎት አያውቅም። ቴክኒሻን፣ ጨርቁን አንሺው። አዎ፣ ያ የተከራከሩት ኮምፒውተር ነው፤ አቧራውንም ጠርገንለታል። ቃል ቃል ነው፣ ይነሱ! እንባዎን በኋላ ይጠርጉታል።

እሳቸው ለኮምፒውተሩ እጅ ሲነሱ፣ እኛ ለእሳቸው እንነሳ። ብርጭቆ ወደ ላይ! ጤናና ዕድሜ ይስጥዎ፤ የመጀመሪያው ሕፃን ሲከተብ ክንዱን የሚይዙት እርስዎ ያድርጉልን። ለእትዬ ደሙስ!